መስታወት በመስታወት ላይ፦ የስልክ ካሜራ መከላከያ ከፎቷችን ምን ይወስዳል?



ከመጀመሬ በፊት ላስቸግራችሁ ነው። ስልካችሁን አውጡና ጀርባውን አዙሩት። የካሜራው ዓይን ላይ ተጨማሪ መስታወት ተለጥፏል? ከጎናችሁ የተቀመጠውንም ሰው ስልክ ሰረቅ አድርጋችሁ እዩ። በዚህ ከተማ ስክሪን ፕሮቴክተር ሊያስለጥፍ ሞባይል ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የካሜራውንም አስለጥፎ ነው የሚወጣው። ባለሱቁ “የካሜራውንም አብረን እናድርግልዎት?” ይላል። ስልኩ ውድ ነው፣ መስታወቱ ርካሽ ነው፤ “እሺ” ለማለት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ያ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ፣ የልጅ ልደትም ይሁን የአያት ሰማንያኛ ዓመት፣ በዚያች መስታወት አልፎ ነው የሚመጣው።

የዛሬው ጉዳዬ ይህች ከአንድ ብር ሳንቲም የማትበልጥ መስታወት ናት። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ለአብዛኞቻችን ከምትሰጠን የምትወስድብን ይበልጣል ባይ ነኝ። የምትወስደው ግን ብዙ ሰው በሚጠረጥርበት ቦታ አይደለም። ጥራት ትቀንሳለች ሲባል ሰው የሚገባው ፎቶው ይደበዝዛል ማለት ነው። ቀን ላይ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ብታነሱ፣ ደህና መስታወት እስከሆነች ድረስ ልዩነቱን አታዩትም። እኔም አላየውም። ጣጣው የሚመጣው ብርሃን ፊት ለፊት የገጠመን ጊዜ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ከሥሩ እንነሳ። ያ ጣታችሁ የሚነካው ክብ ነገር ሌንሱ አይደለም። ሌንሶቹ ከውስጥ ናቸው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሆነው የተደረደሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠሩ ጥቃቅን ነገሮች። ጣታችሁ የሚነካው ፋብሪካው ራሱ ያለበሳቸው መሸፈኛ ነው። ስለዚህ ሞባይል ቤት ሄደን የምናስለጥፈው በመከላከያ ላይ ሌላ መከላከያ ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን የብዙ ሰው ሐሳብ ያስለውጣል።

ፋብሪካዎቹም ይህን መሸፈኛ በዘፈቀደ አልመረጡትም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አፕል ከአይፎን 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ የካሜራውን መሸፈኛ ከሰንፔር ነው የሚሠራው። ጎሪላ ግላስን የሚያመርተው የአሜሪካው ኮርኒንግ ደግሞ በ2021 ለስልክ ካሜራ መሸፈኛ ታስቦ የተሠራ መስታወት አወጣ፤ ሳምሰንግ ቀድሞ ተቀበለው። ኮርኒንግ ያን ጊዜ የተመካው በጥንካሬው ብቻ አልነበረም። ከሚመጣው ብርሃን 98 በመቶውን ለካሜራው ያደርሳል ብሎ ነበር። ይህቺን 98 ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጭረት። ሰው መከላከያውን የሚያስለጥፈው ሌንሱ እንዳይጫር ብሎ ነው። በምን እንዳይጫር? በቁልፍ፣ በሳንቲም፣ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ባለ ኮተት። በ1812 ፍሪድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ የጥንካሬ መለኪያ አወጣ፤ ከ1 እስከ 10። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጭራል፣ ከታች ያለው ከላይ ያለውን አይጭርም። አልማዝ 10 ላይ ነው፣ ሰንፔር 9፣ ኳርትዝ 7። ተራ መስታወት 5 ተኩል ገደማ ነው። ቁልፍ የሚሠራበት ናስ ከ3 እስከ 4 ባለው መሃል ይወድቃል። እንግዲህ አስሉት፤ የቤታችሁ ቁልፍ ተራ መስታወትን እንኳ መጫር አይችልም፣ ሰንፔርን ተዉት። መስታወት የሚጭረው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ በአሸዋና በመንገድ አቧራ ውስጥ አለ። በበጋ ስልካችሁን ከኪስ አውጥታችሁ የካሜራውን ዓይን በሸሚዝ ጫፍ ፈተግ ስታደርጉት፣ ጭረት የሚያመጣው ሸሚዙ ሳይሆን በመሃል የገባችው የአሸዋ ቅንጣት ናት። መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ከዚያ ጥረጉት።

ስለ ጥንካሬ ካነሳን አይቀር፣ የመከላከያው ማሸጊያ ላይ በትልቁ “9ኤች” ተብሎ የተጻፈውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ገዢ፣ ብዙ ሻጭም፣ ይህን 9 ከሰንፔሩ 9 ጋር አንድ ያደርገዋል። ዝምድና የላቸውም። “9ኤች” የእርሳስ መለኪያ ነው፤ ያ ትምህርት ቤት የምናውቀው፣ ለስላሳና ጠንካራ እየተባለ የሚለየው እርሳስ። ጠንካራው የ9ኤች እርሳስ ሲገፋበት መስታወቱ አልተጫረም ማለት ነው። ፈተናው የወጣው ለቀለምና ለቀጭን ቅብ ነበር። ተራ የመስኮት መስታወትም ያልፈዋል። ስለዚህ 9ኤች የተባለ መከላከያ ሰንፔር ላይ ስትለጥፉ፣ በጠንካራው ላይ ደካማውን እያለበሳችሁ ነው።

“መሰበርስ?” ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠንካራ ነገር ባይጫርም ይሰነጠቃል፤ ሰንፔርም ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ስልክ ወድቆ መከላከያው ሲሰበር ሰው “እሱ ባይኖር ሌንሴ ሄዶ ነበር” ብሎ ይምላል። ሊሆን ይችላል። ግን ያ ቀጭን መስታወት ከሥሩ ካለው ይልቅ ደካማ ነው፤ ዋናው ምንም በማይሆንበት አወዳደቅም እሱ ይሰበራል። የመከላከያው መሰበር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ለመውደቅ የተሻለው ነገር ከካሜራው ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ከቨር ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ካሜራው ጠረጴዛውን አይነካም፣ ሲወድቅም ብዙ ጊዜ ምቱን ጠርዙ ይቀበለዋል። ከብርሃኑም አንዲት ጨረር አይወስድም።

ወደ ብርሃኑ እንግባ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ሁሉም አይገባም። ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን የሚቀንስ ልዩ ቅብ ከሌለው ተራ መስታወት ላይ 4 በመቶ ያህሉ ፊቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። በሌላው ወገን ሲወጣ እንደገና 4 በመቶ ያህል ይመለሳል። መስታወት ሁለት ፊት ስላለው በድምሩ 8 በመቶ ገደማ ይቀራል፤ የሚያልፈው 92 ነው። 98ቷን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ፋብሪካው 98 ለማድረስ ደክሞ የሠራው መሸፈኛ ላይ እኛ 92 የሚያሳልፍ እንለጥፍበታለን።

እውነቱን ለመናገር ግን ብርሃን ማነሱ አይደለም የሚጎዳን። 8 በመቶ ብርሃን ቢቀንስ ስልኩ ራሱ አካክሶት ያልፋል፤ ዓይናችሁ አይለየውም። የሚጎዳን የተመለሰው ብርሃን የሚሄድበት ቦታ ነው። ማታ ሚኒባስ ውስጥ የውስጡ መብራት ሲበራ ምን ታያላችሁ? መንገዱን አይደለም፤ መስኮቱ ላይ የራሳችሁን ፊት። ቀን ያው መስኮት ያው ነው፣ ያው 8 በመቶ ይመልሳል፣ ግን ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ስለሚበዛ ፊታችሁ አይታይም። የካሜራ መከላከያም ጠባይ ይኸው ነው፤ ቀን ዝም ብሎ ይውልና ማታ ይናገራል።

እንዴት እንደሚናገር ቀረብ ብለን እንየው። የመንገድ መብራት ታነሳላችሁ እንበል። ብርሃኑ በሌንሶቹ አልፎ፣ ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጠው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ሴንሰሩ ግን የመጣለትን ሁሉ አይውጥም፤ ጥቂቱን ይመልሳል። የተመለሰው በመጣበት መንገድ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል መከላከያው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ከፊሉን እንደገና ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ሁለተኛ የገባው ብርሃን የሚያርፈው ግን የቀድሞ ቦታው ላይ አይደለም። ከፎቶው መሃል ነጥብ ማዶ፣ በትክክል ትይዩው ላይ ነው። መብራቱ ከላይ በግራ ካለ ከታች በቀኝ፣ ከመሃሉ በእኩል ርቀት፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ታያላችሁ። ስልኩን ወደ ቀኝ ብታዞሩ መብራቱ በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ሲሄድ ነጥቧ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ልብ ብላችሁ ካያችኋት የመብራቱ ግልባጭ ናት። የአምፖሉ ቅርጽ ረዘም ያለ ከሆነ እሷም ረዘም ትላለች፣ ተገልብጣ።

ይህቺ ነጥብ ያለ መከላከያም ትመጣለች፤ የፋብሪካው መሸፈኛም መስታወት ነውና። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ጥሩ ቅብ ያለው ፊት የሚመልሰው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ቅብ የሌለው መከላከያ ሁለቱ ፊቶቹ ተደምረው 8 በመቶ። “ታዲያ 8 በመቶ ምን አላት?” ለሚል አብረን እናስላ። ሴንሰሩ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ መለሰ እንበል። ከዚያ ላይ መከላከያው 8 በመቶውን ወደ ውስጥ ላከ። ከመጀመሪያው ብርሃን ከ10,000 ውስጥ 8 እጅ ማለት ነው፤ ኢምንት። አሁን መብራቱ ከጎኑ ካለው ጨለማ ሰማይ 10,000 ጊዜ ይደምቃል እንበል፤ ማታ ይህ የተለመደ ነው። ያቺ ኢምንት እጅ ጨለማው ላይ ስታርፍ ከሰማዩ 8 ጊዜ ትደምቃለች። ቀን ሰማዩ ራሱ ደማቅ ስለሆነ ትዋጣለች፤ ማታ ግን ባዶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የምትወድቀው።

አንድ መብራት አንዲት ነጥብ ነው። የትንሣኤ ሌሊት ግቢው በጧፍ ሲሞላ ግን አስቡት። ሦስት መቶ ጧፍ በፎቶው ውስጥ ካለ፣ እያንዳንዱ ነበልባል ማዶው ላይ የራሱን ግልባጭ ይጥላል። ነጥቦቹ ተለይተው ባይታዩም ተደራርበው ስስ ጭጋግ ይሆናሉ። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ የነጠላው ጥለት ቀለም ይደክማል። ሰርግ አዳራሽ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከመድረኩ በስተጀርባ የተደረደሩት አምፖሎች ሁሉ ሌንሱ ውስጥ ስለሚያዩ የሙሽሪት ጥቁር ፀጉር አመድማ ይመስላል። ሰው ይህን ሲያይ “ስልኬ ማታ አይችልም” ይላል። ስልኩን ስንቴ በከንቱ ወቅሰነው ይሆን!

የዛሬ ስልክ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የሌሊት ማንሻው ብዙ ምስሎችን ደራርቦ፣ ጨለማውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። ነገር ግን ጨለማው ውስጥ የተደበቀውን የሰው ፊት ሲያወጣ፣ ጨለማው ላይ ያረፈውን ጭጋግም አብሮ ያወጣል። የቱ እውነተኛ ብርሃን፣ የቱ ነጥሮ የመጣ እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይም።

ፍላሹንም አንርሳ። አንዳንድ መከላከያ ሦስቱንም ሌንሶችና ፍላሹን በአንድ ወጥ መስታወት ይሸፍናል። ንጹሕ፣ የሚያምር ነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የምጠላው እሱን ነው። ፍላሹ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። ከፊሉ መስታወቱ ውስጥ ይገባና በሁለቱ ፊቶች መሃል እየነጠረ ወደ ጎን ይጓዛል፤ ጣት ወይም ወዝ የነካው ቦታ ሲደርስ ይፈሳል። ያ ቦታ ሌንሱ አጠገብ ከሆነ ፎቶው በነጭ ጉም ይሸፈናል። ለዚህ ነው አንዳንድ አምራቾች የፍላሹን ቦታ ቀድደው የሚተዉት፣ ወይም ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት የሚያደርጉበት። ያ ጥቁር ቀለበት ለጌጥ የመጣ አይደለም።

ስለ ቅብ ደጋግሜ አነሳሁ፤ ታሪኩን ባጭሩ ላጫውታችሁ፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በ1890ዎቹ ሃሮልድ ዴኒስ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የሌንስ ቀያሽ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። አርጅተው ፊታቸው የወየበ ሌንሶች ከአዲሶቹ ይልቅ ብርሃን ያሳልፉ ነበር። የወየበው ስስ ንጣፍ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ይቀንሰው ነበርና ነው። ቴይለር ሌንስን ሆን ብሎ ለማወየብ ሞከረ፤ ውጤቱ ግን የተስተካከለ አልነበረም። መፍትሔው የተገኘው በ1935 ነው። በዩክሬን ተወልዶ በጀርመን ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፊዚከኛ አሌክሳንደር ስማኩላ አየር በሌለበት ክፍል ሌንስ ላይ ስስ ንጣፍ የማንጠፍ ዘዴ አወጣ። መጀመሪያ ላይ ጀርመኖች በወታደራዊ ምስጢርነት ይዘውት ነበር። ዛሬ የመነጽራችሁ ፊት ላይ የምታዩት ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ የዚያ ዘዴ ልጅ ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። ባለሱቁ “ይሄኛው ሰንፔር ነው፣ ዋጋው ይጨምራል” ይላችኋል። እውነት ሰንፔር ነው እንበል። ሰንፔር ጥንካሬው ከመስታወት ቢበልጥም ብርሃን በመመለስም ይበልጠዋል፤ ያለ ቅብ እያንዳንዱ ፊቱ 8 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ሁለቱ ተደምረው 15 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ቅብ የሌለው ሰንፔር ከተራው መስታወት የባሰ ነው። ውድ መሆኑ ብቻ አያድንም።

ይህ ክርክር ደግሞ ከስልክ ጋር የተወለደ አይደለም። የትልልቅ ካሜራ ባለሙያዎች ሌንሳቸው ፊት የአልትራቫዮሌት ፊልተር ይሰካ አይሰካ እያሉ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በፊልሙ ዘመን ፊልተሩ ከፍ ያለ አገር ላይ ሰማያዊውን ጭጋግ ይቀንስ ነበር፤ በዲጂታሉ ዘመን ያ ሥራ ሴንሰሩ ፊት በተቀመጠ ማጣሪያ ስለሚከናወን ፊልተሩ መከላከያ ሆኖ ቀረ። በ2011 ሮጀር ሲካላ የተባለው የአሜሪካ ሌንስ አከራይ ለጨዋታ ያህል 50 ፊልተር በአንድ ሌንስ ላይ ደርድሮ ፎቶ አነሳ፤ የወጣው ምስል ለማንም የማይሆን ነበር። ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። አምስት ምርጦችንና አምስት ርካሾችን ለየብቻ ደርድሮ ሲያነሳ፣ ምርጦቹ በአምስት ድርብ እንኳ ደህና ፎቶ ሰጡ፤ ርካሾቹ ፎቶውን አበላሹት። ማለትም መከላከያ ሁሉ አንድ አይደለም። ዳኛው መስታወት መኖሩ ብቻ ሳይሆን የመስታወቱ ዓይነት ነው።

በየትኛው ሌንስ ላይ እንደተለጠፈም ለውጥ አለው። በጥራት ያልተሠራ መከላከያ መጀመሪያ የሚያሳብቀው የሩቁን በሚያመጣው ሌንስ ላይ ነው፤ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ በሚያቀርበው። የመስታወቱ ፊት እዚህና እዚያ እኩል ካልሆነ፣ ሰፊው ሌንስ ላይ የማይታየው ጉድለት እዚያ ጎልቶ ይወጣል፤ የሩቁ ጽሑፍ ጠርዙ ይለሰልሳል። ሰፊው ሌንስ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። 120 ዲግሪ የሚያየው ሌንስ ወፍራም የብረት ቀለበት ካለው መከላከያ ጋር ከተጋጠመ የቀለበቱን ጠርዝ ራሱን ማየት ይጀምራል፤ የፎቶው ማዕዘኖች ይጠቁራሉ።

አሁን ከመከላከያውም በላይ ስለሚጎዳን ነገር ልናገር፤ ስለ ጣታችን ወዝ። የአንድ ደህና ስልክ ዋና ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ቀዳዳ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ካሜራ ላይ የሚገጠመው የተለመደ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው ሙሉ ሲከፈት ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትልቁ ሌንስ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ ጥግ ይይዛል፤ ስልኩ ላይ ያረፈው ግን በሩን ሙሉ ይዘጋዋል። ማታ ስታነሱ ከመንገድ መብራቱ ላይ ረጅም የብርሃን ሰረዝ ሲወጣ አይታችኋል? አቅጣጫውን ልብ በሉ። ወዙ ከላይ ወደ ታች ከተጠረገ ሰረዙ ወደ ጎን ይወጣል፣ ወደ ጎን ከተጠረገ ወደ ላይና ወደ ታች። ሁልጊዜ የጠረጋችሁበትን መንገድ ያቋርጣል። በክብ ጥረጉትና ሰረዙ ሲበታተን ታያላችሁ።

መከላከያ ሲጨመር ይህ ወዝ የሚያርፍበት ፊት ከአንድ ወደ ሦስት ይበዛል፤ የሚጠረገው ግን የውጩ ብቻ ነው። ከውስጥ ተይዞ የቀረ አቧራ ይቀመጣል። በክረምት ጠዋት ከሙቅ ቤት ወደ ቅዝቃዜ ስትወጡ በሁለቱ መስታወቶች መሃል የታመቀው አየር ጤዛ ያወጣል፤ እሱን መጥረግ አይቻልም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

መከላከያው ከማይከላከለው ነገር አንዱን በጨረፍታ ልጥቀስ፤ በሞተር ዕቃ የምታደርሱ ወጣቶች እዚህ ካላችሁ ለእናንተ ነው። በ2021 አፕል ራሱ ስልክን ሞተር መሪ ላይ ማሰር የካሜራውን የማረጋጊያ ክፍል በንዝረት ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እጅ ቢንቀጠቀጥም ምስሉ እንዲረጋ የሚያደርገው ያ ክፍል ከመስታወቱ ጀርባ ነው ያለው፤ ምንም ብትለጥፉ አይድንም።

ታዲያ ማንም አያስለጥፍ እያልኩ ነው? አይደለም። ብየዳ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ግራይንደር አጠገብ የሚውል ሰው ያስለጥፍ። ከግራይንደር የሚረጨው የጋለ የብረት ፍንጣሪ መስታወት ላይ ሲያርፍ አቅልጦ ይጣበቃል፤ እዚያ ቦታ የሚሠዋ ነገር ከፊት መኖሩ ብልህነት ነው። ድንጋይ የሚቀጠቅጥ፣ አሸዋ መሃል የሚውል፣ የስልኩ መሸፈኛ ተራ መስታወት የሆነበት ሰውም እንዲሁ። መሸፈኛው ቀድሞ የተሰነጠቀበት ሰው ግን ስንጥቁ ላይ መከላከያ ለጥፎ አይደብቀው። በብዙ ስልኮች መሸፈኛው ለብቻው ይቀየራል፤ ጥሩ ጠጋኝ ጋ ወስዶ ያስቀይር። በስንጥቁ ውስጥ አቧራና እርጥበት ወደ ሌንሶቹ ይገባል፣ ያን ጊዜ ካሜራው በሙሉ ነው የሚሄደው።

ለሚያስለጥፉ የመምረጫ ዘዴ ልንገራችሁ፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ የሱቁ አምፖል ይበቃል። መከላከያውን አምፖሉ ሥር ያዙትና ፊቱ ላይ የአምፖሉን ምስል ፈልጉ። ምስሉ ነጭ ሆኖ፣ እንደ አምፖሉ ቀለም ቦግ ብሎ ከታየ ቅብ የለውም። ደብዘዝ ብሎ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቅብ አለው። ልብ ብላችሁ ስታዩ ምስሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይኛው ፊት፣ ሌላው ከታችኛው። ሁለቱም መደብዘዝ አለባቸው። አንዱ ብቻ ደብዝዞ ሌላው ነጭ ከሆነ አንዱን ፊት ብቻ ነው የቀቡት፤ ይህ ገበያ ላይ አለ። ከዚያ ማጣበቂያው ሳይላጥ ሌንሱ ላይ በጣት ይዛችሁ፣ አምፖሉን ከስክሪኑ ጥግ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ፤ አንስታችሁት ደግሞ ሌላ ፎቶ። በትይዩ ጥግ ያለችውን ነጥብ አወዳድሩ። ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይህች ሙከራ ትናገራለች።

የምትመርጡት ለየሌንሱ የተለየ፣ ፍላሹን ነፃ የሚተው፣ ቀጭን ጠርዝ ያለው ይሁን። በቀላሉ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለሰርግ፣ ለጥምቀት ዋዜማ፣ ለሌሊት ማኅሌት ስትሄዱ አንሱት። በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታ ስትመለሱ መልሱት።

በመጨረሻ የምለምነው ሞባይል ቤት ያላችሁትን ነው። “አብረን እናድርግልዎት?” ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፤ ስልኩ ምንድን ነው፣ ሰውየው የት ነው የሚውለው። ቢሮ ለሚውልና ሰንፔር የለበሰ ስልክ ለያዘ ሰው ጠርዙ ከፍ ያለ ከቨር ሽጡለት፤ ለበያጁ ደግሞ በሁለቱም ፊት ቅብ ያለውን መከላከያ አስመጡለት፣ አምፖሉ ሥር ይዛችሁም አሳዩት። የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም፣ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣል።